የባላምባራስ አራጌ ሦስት ኪሎ

ሲስተር በለጡ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጤና ጣቢያውን በር ከፈተች፤ መርፌ የሚቀቀልበትን ውሃ ጣደች፤ ጋውኗን ለበሰች፤ ከዚያ ባላምባራስ አራጌ ወደተኙበት ክፍል ገባች። ክፍሉ ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ መስኮትና በኖራ የተቀባ ግድግዳ አለው። አንደኛው አልጋ ባዶ ነው። ባላምባራስ ጭድ የተሞሉ ሁለት ጆንያዎች ተደግፈው ነቅተው ይጠብቁ ነበር። የግራ እጃቸውን አንጓ ያዘች፤ ሰዓቷን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ትርታቸውን ቆጠረች፤ ሰባ ሁለት ሆነ። ከስልሳ በታች ቢሆን ኖሮ ትንሿን የልብ ኪኒን አትሰጣቸውም ነበር። በአንድ ጉንጭ ውሃ አዋጠቻቸው። ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብላ በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀች፤ ከወር በፊት ጣቷ የሚተወው ጉድጓድ የባቄላ ፍሬ ይይዝ ነበር፣ አሁን ምስርም አይዝ። ሌሊት የሸኑትን በእርዳታ ወተት ጣሳ ለክታ ጻፈች። ይህ ሁሉ ሲሆን አልተነጋገሩም። በየቀኑ እንዲሁ ነው፤ እሷ ትቆጥራለች፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

የዝምታቸው ምክንያት ለመካነ ሰላም ሰው እንግዳ አይደለም። የበለጡ አባት ፈንታው ሃያ ሁለት ዓመት የባላምባራስን መሬት ያረሱ ጭሰኛ ነበሩ። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ደሴ ነርስነት ወደምትማረው ልጃቸው በእግር ተነሡ፤ ወረኢሉ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው ሰው የለም። በለጡ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ የሚያውቀውም ሰው አይጠይቃትም። ተመርቃ ወደ አገሯ ስትመደብ ያስተኛችው የመጀመሪያው የልብ ሕመምተኛ እኚሁ ሰውዬ ሆኑ፤ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ተቀምጠው ካልሆነ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው መጡ። የምትፈራው እሳቸውን ሳይሆን የራሷን እጅ ነበር። እጅ ባለቤቱ ሳያውቅ ይከብዳል፤ ጣትም የሚያገኘው ልብ የፈለገውን ነው። ቁጥር ግን ቂም አይዝም። ስለዚህ ሁሉን ነገር በቁጥር ያዘች፤ ትርታውን፣ ውሃውን፣ ሽንቱን፣ ከሁሉም በላይ ክብደቱን። ካርዱ ላይ ስም መጻፍ እንኳ አስቸግሯት ነበር። ዘማች ተማሪዎች ባላምባራስ የሚባል ማዕረግ ቀርቷል ስላሉ «አቶ አራጌ» ብላ ጻፈች፤ ሰውዬው በዚህ ስም ሲጠሩ ሦስት ቀን ሙሉ አቤት አላሉም። በመጨረሻ ሰርዛ «ሕመምተኛ ቁጥር አንድ» አለችው። ይኼኛውን ወደዱት።

ጤና ጣቢያው ያለው ሚዛን የሕፃናት ነው፤ ከባላምባራስ የሚችለው አንድ እግራቸውን ቢሆን ነው። በለጡ ከአጥሩ ማዶ የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ ከሆነው ከንጉሡ ጋር ተስማማች። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ፣ እደላው ሳይጀመር፣ ባላምባራስ በዚያው ሸሚዝና በዚያው ተፈሪ ሱሪ፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቁ የብረት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸጋዬ በርኖሳቸውን ታቅፈው ከኋላ ይቆማሉ። ንጉሡ የጆንያ ልማድ ሆኖበት ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ገና ሳይነጋ የተሰለፈው ሰው አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ግንቦት ላይ ሰባ አራት የነበሩት ሰውዬ እየቀነሱ ስልሳ አንድ ደረሱ። አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በለጡ «እሰይ» ትላለች፤ ወይዘሮ ሸጋዬ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ፤ ሰልፈኛው ከንፈሩን ይመጥጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲከሳ ያየ አገር፣ ሰው ሲከሳላት ደስ የሚላት ሐኪም አይቶ አያውቅም። የባላምባራስ ጭሰኛ የነበረችው ሀሊማ አንድ ቀን ከሰልፉ ውስጥ ሆና፣ እኛ ያለ ኪኒን የከሳነውን እሳቸው በኪኒን ለመክሳት ምን አደከማቸው ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። በለጡ የቀነሰው ውሃ እንጂ ሥጋ እንዳልሆነ፣ ልብ ሲደክም ውሃ ገላ ውስጥ እንደሚጠራቀም አስረዳች። ሀሊማም በዚህ ድርቅ ውሃ ማጠራቀም ጥፋቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ጠየቀች።

ያን ቅዳሜ ንጉሡ ስልሳ አራት ብሎ ጠራ። ወይዘሮ ሸጋዬ እልል አሉ። ከሰልፉ ሁለት ሴቶች ተቀበሏቸው፤ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አንሥተው አምላክን አመሰገኑ። ባላምባራስ ከሚዛኑ ሳይወርዱ ለሰልፈኛው እጅ ነሡ፤ የሹመት ቀን ይመስል ነበር። በለጡ ግን ፊቷ ደረቀ። ትናንት ስልሳ አንድ ነበሩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከደሴ የሚመጣው ዶክተር ካርዱ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ኪኒኑን እየወሰዱ በሁለት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ደሴ ይላኩ። መላኪያውም አንድ ነው፤ ትናንት ስንዴ ያራገፈው የብዙነህ የጭነት መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ሰኔ ግም ብሏል። ብዙነህ ሲመጣ ከወረኢሉ ወዲህ ብቻ አራት ጊዜ ጭቃ እንደያዘውና አራቱንም ጊዜ ረዳቱና ተሳፋሪው ወርደው እንደገፉት ነግሯታል። በዚያ መንገድ እንዲህ ያለ ልብ ጭኖ መላክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ውሃው በእውነት ተመልሶ ከሆነ ደግሞ፣ ሳንባቸው ገብቶ እዚሁ አልጋ ላይ ያፍናቸዋል።

ሦስት ኪሎው ከየት እንደመጣ ለማወቅ እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ነበራት። መጀመሪያ የጠረጠረችው ጨው ነው። ጨው ውሃን ይይዛል፤ ለዚህ ሰውዬ አንድ ቁንጢር እንኳ ከልክላለች። ችግሩ ከጠያቂው ጋር ነበር። በዚህ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ ሰው ካለችው ላይ ቀንሶ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ጨው የሌለው ወጥ ይዞ መምጣት ደግሞ ሰውን እንደ መናቅ ነው። በለጡ በር ላይ ቆማ የመጣውን ሁሉ እየቀመሰች መመለስ ጀመረች። ሲስተሯ የበሽተኛውን ምግብ ትበላለች ተብሎ ተወራ። አንዲት የባላምባራስ የአክስት ልጅ ነገሩ ገብቷቸው ሁለት ሳህን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ለባላምባራስ፣ አንዱ ለቀማሿ። ዛሬ ግን ከበር አልፋ ክፍሉን ፈተሸች። አልጋው ስር ምንም የለም። የጭድ ጆንያዎቹ ውስጥ ምንም የለም። የወይዘሮ ሸጋዬ ነጠላ ጫፍ ላይ የነበረው ቋጠሮ የልጅ ልጅ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ራስጌያቸው ያለውን የዳዊት መጽሐፋቸውን ማኅደር አነሣች፤ ከመጽሐፉ ጎን የአውራ ጣት የምታህል የአሞሌ ስባሪ ተኝታለች፤ አንድ ወገኗ ተልሶ ተልሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ባላምባራስ» አለች። በዚያ ማዕረግ ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«ጨው።»

«ምን ያደርግልዎታል»

«ለከብት ምን ያደርግለታል። እልሰዋለሁ።»

«በየስንት ቀኑ»

«በዓመት በዓል ብቻ።»

ወይዘሮ ሸጋዬ ለባላቸው ሊመሰክሩ ገቡ። ትናንት የማን በዓል እንደሆነ፣ ከትናንት በስቲያ የማን እንደሆነ ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱ። የየዕለቱን ጻድቅና ሰማዕት በቃላቸው ያውቁ ስለነበር፣ ከወሩ ውስጥ ዓመት በዓል ያልሆነ ቀን አልተገኘም። ቀጥለውም የአሞሌውን ዋጋ አነሡ፤ ድሮ በስሙኒ የሚገዙት አሁን ብር ከሃምሳ መግባቱን፣ በግ በአራት ብር በሚሸጥበት አገር ጨው እንዲህ መወደዱን፣ ያን ያህል ወጥቶበት ሳይላስ ቢቀር ኃጢአት መሆኑን። በለጡ ስባሪዋን ጋውኗ ኪስ ከተተችና ሰውዬውን እንደገና መረመረች። ከጀርባቸው ሳንባቸውን አዳመጠች፤ ደረቅ ነው፣ የእርጥብ ድምፅ የለበትም። አንዱን ጆንያ አነሣችባቸውና አጋደመቻቸው፤ ትንፋሻቸው አላጠረም። እግራቸውን ተጫነች፤ ምንም የለም። ሽንታቸው ከገቡ ጀምሮ እንደዚህ በዝቶ አያውቅም። ጆሮዋና ጣቷ ይቆዩ አሉ፤ ቁጥሩ ይሂዱ አለ። ጆሮዋንና ጣቷን ማመን ፈለገች፤ መፈለጓን ስታውቅ ደግሞ ጠረጠረቻቸው። ምናልባት ይህን ሰው በዚያ መንገድ ላለመላክ እየሸሸች ነው። ምናልባትም በዚያ መንገድ ቢሄዱ ብላ ያሰበችበት ሌሊት ስለነበረ ነው የምትሸሸው። ካርዱን አወጣችና ስልሳ አራት የሚለውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሄዳ ለብዙነህ ቦታ እንዲያዘጋጅ ነገረችው። ብዙነህ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው መኪና ያስመልሳቸው እንደሆነ።

ባላምባራስ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሦስት ኪሏቸው ሲደሰቱ አርፍደዋል። ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ቁጥሩን ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ አንዱማ መድኃኒቱን ለእኔም ቢሰጡኝ ብሎ ጠይቋል። በለጡ ደሴ ስትል ፈገግታቸው ቆመ። ሦስት ኪሎ ያህል ደስ የሚያሰኝ ነገር እንዴት ለደሴ እንደሚያበቃ አስረዳቻቸው። አዳመጡ። ወይዘሮ ሸጋዬ የቤታቸውን ፍራሽ አስመጥተው መኪናው ላይ ሊያስነጥፉ ወጡ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። መስኮቱ ላይ ዝናብ ማንጠባጠብ ጀመረ።

«መንገዱ በወረኢሉ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«በወረኢሉ ነው።»

እሷ ጋውኗን ታስተካክላለች፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ አራት ጎልማሶች ከሰልፉ ወጥተው በቃሬዛ አነሷቸው። ወደ መኪናው ለመድረስ በመጋዘኑ በር ማለፍ ግድ ነበር። እደላው እየተካሄደ ነው፤ ንጉሡ ጆንያ ይጭናል፣ ይጠራል፣ ያወርዳል። ሰዉ ለበሽተኛ መንገድ ለቀቀ፤ አብሽሩ ባላምባራስ፣ አብሽሩ እያለ። ሚዛኑ አጠገብ ሲደርሱ ባላምባራስ ቃሬዛውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አስቆሙት። አውርዱኝ አሉ። አወረዷቸው። ተነሥተው፣ በርኖሳቸውን ሰብስበው፣ የሚዛኑን ዝርግ ብረት በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ገበያ ላይ በቅሎ እንደሚመርጥ ሰው። ከዚያ ይህን ሚዛን ገልብጡና ከሥሩ እዩት አሉ።

ንጉሡ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና የመንግሥት ንብረት በማንም ቃል አይገለበጥም አለ፤ ይልቁንም መሬታቸውን ሕዝብ በወረሳቸው ባላባት ቃል። ይህን ሲል ወደ ሰልፈኛው ዞሮ ነበር፤ ሰልፈኛውም ነገሩ እውነትነት ያለው መሰለው። ባላምባራስን ማመን በዚያ አገር የተለመደ አይደለም። በለጡ ቀረብ ብላ አንጓቸውን ያዘች፤ ቆማ መቁጠር ጀመረች።

«ምን አውቀው ነው» አለቻቸው።

«ጠዋት ስወጣበት ዝም አለኝ። ደህና ሚዛን ባዶውን ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል። ይኼ ከእኔ በፊት የሆነ ነገር ተሸክሟል።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገሩም»

ባላምባራስ ወደ ወይዘሮ ሸጋዬ አዩ። «እልል ተባለልኝ» አሉ።

ንጉሡ የሽማግሌ ቅዠት ነው አለና ጆንያ ሊጭን ጎንበስ አለ። ከመኪናው ጋቢና ብዙነህ ሰዓቱ መድረሱን በጥሩንባ አስታወቀ። ባላምባራስ አንድ ጊዜ ወደ መኪናው፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰልፉ አዩ። ሰልፉ ውስጥ የሚያውቁት ፊት ብዙ ነው፤ ግማሹ መሬታቸውን ያረሰ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ሰዉ ግን ሰማ።

«ሠላሳ ዓመት ሁለት ቁና ነበረኝ» አሉ። «ስቀበል የምሰፍርበት ሆዱ ሰፊ ነው። ሳበድር የምሰፍርበት ከሥሩ ጭቃ የተመረገ ነው። ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። የዚህችን ልጅ አባትም የሰፈርኩት በዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል።»

የበለጡ ጣቶች አንጓው ላይ ነበሩ። መቁጠሯን አላቆመችም፤ ቁጥሩ ግን ጠፋባት። መጀመሪያ የተናገረችው ሀሊማ ናት።

«እናውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑን» አሉ ባላምባራስ።

«ቁናውን። እኛም ገብሱ ላይ አሸዋ እንጨምርበት ነበር። ወላሂ፣ አንዳንዴ ሲበዛብን ገብሱ ነው አሸዋው ላይ የሚጨመረው። ልኩን ያስተማረን ፈንታው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ሲታይ የማይታወቅ፣ ሲሰፈር የሚያኮራ ይል ነበር።»

ባላምባራስ እጃቸውን ወደ መንጋጋቸው ወሰዱ። በግራ በኩል ከዳር ሁለተኛው ጥርሳቸው እንደሌለ በለጡ ከካርዱ ታውቃለች። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ፍልሰታ ላይ፣ በሶ ሲበሉ እንደተሰበረ፣ ያን ጊዜም ወፍጮውን ረግመው ድንጋዩን እንዳስቀየሩ፣ ለተሰበሰበው ሰው በከፍተኛ ቅሬታ ተናገሩ። ሠላሳ ዓመት ሰውን ያታለለ ሰው እንደዚያ ሲከፋው ማየት ለሰልፈኛው ከስንዴው የበለጠ ሆነለት። ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ አጥሩ ጥግ ሄደ። በለጡም ሳቀች። አፏን በጋውኗ እጅጌ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይታይ ነበር፤ ሰዉ ስቆ ከጨረሰ በኋላም እጅጌዋን ከፊቷ አላወረደችም።

ሚዛኑን የገለበጡት ቃሬዛውን የተሸከሙት አራቱ ናቸው። ከዝርጉ ብረት ሥር አንድ አሮጌ ማረሻ በሽቦ ተጠፍሮ ተገኘ። ንጉሡ ሚዛኑ ከፋብሪካ ሲመጣም እንዲሁ ነበር አለ። የዚሁ የቦረና ማረሻ የሚሠራው ፋብሪካ የት አገር እንደሚገኝ ሀሊማ ጠየቀችው። በለጡ ባዶውን ሚዛን ያየችው በመጀመሪያው ቀን ብቻ እንደነበር አስታወሰች፤ አንድ ወር ሙሉ የሰውዬውን ልብ፣ ሳንባና እግር ስትመረምር ሚዛኑን አንድ ቀን አልመረመረችውም። ማረሻው ተፈትቶ ባላምባራስ ወጡ። ስልሳ አንድ። ወይዘሮ ሸጋዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከትናንት ጀምሮ እህል የተቀበለ ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ኪሎ እንደጎደለው ሲታወቅ ሳቁ ቀረ፤ ንጉሡ ከነሚዛኑ ደሴ ይሂድና እዚያ ያስረዳ ተባለ። ጭነት ይዞ መሄድ እንጂ የማን እንደሆነ የማይገደው ብዙነህ ተስማማ። ፍራሹ ተነጥፎ ስለነበር ሚዛኑን እሱ ላይ አጋደሙት፤ እንዳይንገላታ ሁለቱን የጭድ ጆንያ ከግራና ከቀኝ ደገፉለት። ንጉሡ ከጎኑ ተቀምጦ፣ በየጉድጓዱ እንዳይወድቅ አቅፎት፣ በወረኢሉ መንገድ ቁልቁል ወረደ። ወይዘሮ ሸጋዬ ስለ ፍራሻቸው እስከ ማታ ተናገሩ። የቀረው ስንዴ በወተት ጣሳ ተሰፈረ፤ በለጡ ከጤና ጣቢያው የሽንት ጣሳ ሌላ መሆኑን ሦስት ጊዜ ማለች።

ማታ ኪኒን ልትሰጥ ስትገባ ባላምባራስ ጆንያ ስላልነበራቸው በተጠቀለለ በርኖስ ተደግፈው ነበር። አንጓቸውን ያዘች። ሰባ ስድስት።

«ስንት ስንት ነበር የሚጨምረው» አሉ። «አሸዋውን።»

«አላውቅም። ለእኔ አልነገረኝም።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪኒኗን ወሰዱ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ በዚያው ሸሚዝና በዚያው ተፈሪ ሱሪ፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ እህል ሳይቀምሱ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው፤ ዛሬ ስንት ነኝ ሲሉ ጠየቋት። በለጡ ጎንበስ ብላ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ተጫነች፤ ጣቷን አንሥታ አየች፤ ደህና ነዎት አለቻቸው። ካርዱ ላይ የክብደቱን ቦታ ባዶ ተወችው። ሚዛኑ ከደሴ አልተመለሰም። መካነ ሰላም ውስጥ አሁን ትልቅ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን የለም።